ፍቅረኞቹን ከካፌ አውጡልን፣ ባንዱ ጋ ውሰዷቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ሮማንቲክ ኮሜዲ ነው። አዎ፣ ስለ እሱ። አገሩ ስንት የሚያሳስብ ነገር እያለበት አንባቢያችሁ ስለ ፍቅር ቀልድ ፊልም ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ ብላችሁ ብትስቁ አልቀየምም። ግን እናንተም በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ቲያትርና ስለ ሥዕል ስትጽፉ ይህን ዘውግ እንደ ልጅ ጨዋታ ነው የምታልፉት። የከተማው ወጣት ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ ሲያየው የኖረው እሱን ነው። ዲጂታል ካሜራ ገብቶ የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን መፍላት ከጀመረ ወዲህ ሲኒማ በር ላይ ከተሰቀለው ፖስተር ስንቱ «ሮማንቲክ ኮሜዲ» እንደሚል የታክሲ ተሰላፊ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ዘውጉን አልንቀውም። እንዲያውም ስለምወደው ነው የምናደደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብታም ሴት ደሃ ወንድ፣ ወይም ደሃ ሴት ሀብታም ወንድ። አንዱ ማንነቱን ይደብቃል። ወይ ከአሜሪካ የመጣች ልጅ አለች፣ ወይ ለውርስ ሲባል የውሸት ጋብቻ አለ። ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ያስቁናል (እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ከዋናዎቹ የተሻለ የሚተውኑት እነሱ ናቸው)። ቤቱ ሳሎኑ ሰፊ፣ ደረጃው ጠመዝማዛ የሆነ ቪላ ነው። ከቪላው ወደ ካፌ፣ ከካፌው ወደ መኪና፣ ከመኪናው ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር። ሰውየው ምን ሠርቶ እንደሚበላ አይታወቅም፣ «የድርጅት ባለቤት» ነው፣ ድርጅቱ ምን እንደሚያመርት ግን ከደራሲው በቀር የሚያውቅ የለም፣ ደራሲውም ማወቁን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ይጣላሉ። ሲጣሉ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ማጀቢያው ይመጣል።

ማጀቢያው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይለቀቃል። እሱ እንጦጦ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ያያል። እሷ አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ ታለቅሳለች። ቡና ይቀዘቅዛል። ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ዘፈኑ አያልቅም። ሲኒማ ቤት ሽንት ቤት የሚኬደው ያኔ ነው፣ ማንም ምንም አያመልጠውም። የእኛ ፊልም ሠሪዎች ከአራቱ ቅኝት የሚያውቁት ትዝታን ብቻ ይመስለኛል፤ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ፊልም ላይ የሚያዘጋጅላቸው አጥተው ቀርተዋል።

እና አቤቱታዬ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ የምትዘፍን ከተማ ሆና ሳለ የፍቅር ፊልሞቻችን ሙዚቃን እንደ ልጣፍ ነው የሚጠቀሙበት። ዘፈን አለ፣ የሚዘፍን ሰው የለም። ፍቅረኞቹ ባንድ ሲጫወት አይሰሙም፣ አዝማሪ ቤት አይገቡም፣ ጓደኞቻቸው ውስጥ አንድ እንኳን ሳክስፎን ተሸክሞ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ያጣ ሰው የለም። ለምን?

ስለ እኔ ትንሽ ልበል፣ ከየት ሆኜ እንደምናገር እንድታውቁት። ሳምንቱን ቢሮ ነው የምውለው። ቅዳሜና እሁድ ግን ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሰርግ ላይ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፣ ከመድረክ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል። አጎትየው ስንተኛ ብርጭቆው ላይ እንዳለ ይታያል። የሙሽራው እናት ለሙሽሪት እናት እንዴት ፈገግ እንዳሉ፣ ፈገግታው ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚዜዎቹ ይታያሉ። ጠዋት «እሙሽሪት ቤት አንገባም» «አናስገባም» ተብሎ ሲተራረቡ የዋሉ ልጆች፣ ማታ እስክስታው ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ፣ መልስ ላይ ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ፈልገው ሲቀመጡ፣ ቅልቅል ላይ ስልክ ሲለዋወጡ። አንድ ሰርግ ውስጥ ሙሉ ፊልም አለ። መነሻ አለው፣ መሃል አለው፣ መጨረሻውን ደግሞ በሚቀጥለው ጥር ጥሪ ካርድ ሲመጣ ትሰማላችሁ። እኛ ባንዱ ላይ ያለነው ሰዎች ማን ከማን ጋር እንደሚሆን አስቀድመን እንወራረዳለን። ድራመራችን ብዙ ጊዜ ነው የሚያሸንፈው።

አሁን አንድ የፊልም ደራሲ ይህን አይቶ ቢጽፈው ምን ይጎድለዋል? ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ፣ ሰርግ ቪዲዮ የምትቀርጽ ልጅ። በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ በየሳምንቱ የሌላ ሰው ፍቅር ላይ ይሠራሉ። እሷ ካሜራዋን ፊቱ ላይ ስታደርግ እሱ ቁልፍ ይስታል። ጥርና ሚያዝያ ላይ ሥራው ይጎርፋል፣ ለመነጋገር ጊዜ የላቸውም። ሁዳዴ ይገባል፣ ሰርግ የለም፣ ምሽት ቤቱም ቀዝቅዟል፣ ኪስ ባዶ ነው፣ መገናኛ ምክንያት ጠፋ። 55 ቀን። ደራሲው ሌላ መሰናክል መፈልሰፍ አያስፈልገውም፣ የውሸት ውርስም አያስፈልገውም፣ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ድራማውን ሠርቶታል። ከዚያ ደግሞ የልጅቱ አባት አሉ። «ምን ይሠራል?» «ሙዚቃ።» «እሱማ እሺ፣ ሥራው ምንድን ነው?» ይህን ንግግር ያልሰማ ሙዚቀኛ አገሩ ላይ ካለ ይጻፍልኝ። አዝማሪ የሚለው ቃል በአንዳንድ ቤት እስከ ዛሬ ስድብ ነው፣ እኚሁ አባት ግን ሰርግ ላይ ማሲንቆ ካልመጣ ሰርግ አልተሠራም የሚሉ ናቸው። ከዚህ የበለጠ ኮሜዲ ከየት ይመጣል?

አዝማሪ ቤትን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። የውጭ ፊልም ላይ ሁለት ሰው እንዲተዋወቅ ደራሲዎች ስንት ይቸገራሉ መሰላችሁ። ውሻ ገመዱን ይበጥሳል፣ ቡና ልብስ ላይ ይደፋል፣ ሻንጣ ይለዋወጣል። እኛ አገር ለመተዋወቂያ ተብሎ የተሠራ ሙሉ የጥበብ ዓይነት አለ። ሰውየው ማሲንቆውን ይዞ በመሃል ይዞራል፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ያያል፣ ማን ማንን እንደሚያይ ደግሞ የበለጠ ያያል። አንተ እዚህ ጥግ፣ እሷ እዚያ ጥግ። «ተቀበል!» ትለዋለህ። ሁለት መስመር ግጥም ትሰጠዋለህ፣ ለእሷ ይዘፍንልሃል። ደፋር ከሆነች እሷም «ተቀበል!» ትላለች፣ በራሱ አፍ መልሶ ያዋርድሃል። ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ አንተም ትስቃለህ፣ ምን አማራጭ አለህ።

እስቲ አስቡት። መብራት ጠፍቷል። ጎን ያለው ክለብ ኪቦርዱም ማይኩም ዝም ብሎ ጄኔሬተር ይጠብቃል፣ አዝማሪ ቤቱ ግን ማሲንቆ መብራት ስለማያስፈልገው ሻማ ለኩሶ ቀጥሏል። ከክለቡ የወጣው ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ልጁ እንዲህ ይላል፦

መብራት ቢጠፋብን ምን ቸገረኝ እኔ፣
አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ መች ጨለመ ዓይኔ።

እሷ ደግሞ፣ ቀና እንኳን ሳትል፦

ጨለማ ነው እንጂ ሁሉን የሚያሳምረው፣
መብራቱ ሲመጣ ይለያል ያማረው።

ይህን ለመጻፍ ገጣሚ መሆን አያስፈልግም፣ እኔም አይደለሁም፣ ደብዳቤውን ስጽፍ የመጣልኝን ነው ያስቀመጥኩት። እውነተኛ አዝማሪ ቢሰጡት ከዚህ አሥር እጥፍ የተሻለ በቦታው ይፈጥራል፣ ሰሙን ለአባትየው ወርቁን ለልጅቱ አድርጎ። ዳይሬክተሩ ካሜራውን ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ነው ያለበት።

ታሪክ ያለው ፊልም መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ሞልቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ላይ ያለ ልጅ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሌላ ተቋም ተሰጥቶ ሳለ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የራሱን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ከፈተ። ዛሬ ዓለም ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው የእነ አለማየሁ እሸቴ፣ የእነ ማህሙድ አህመድ፣ የእነ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ብዙው በዚያ በር ነው ያለፈው። የሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት፣ ፒያሳ፣ ጠባብ ሱሪ፣ አፍሮ ጸጉር፣ ቀን የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ዩኒፎርም ለብሰው ማታ በሱፍ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች። በዚህ መሃል ሸክላ ልትገዛ የምትመጣ ተማሪ አስገቡበት። አንድ ዘፈን ደጋግማ ታስከፍታለች፣ አትገዛም። ለምን እንደማትገዛ ለማወቅ እኔ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ። ሽማግሌ ሙዚቀኞችን ጠይቁ፣ ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ሰዓት እላፊው ሲገባ ክለብ ውስጥ የነበረ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር። በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ባንዱ እስከ ንጋት ይጫወታል። ዘመኑ አስፈሪ ነበር፣ የስንቱ ቤት ያለቀሰበት፣ ያንን ማንም አያቃልለውም። ግን አንድ ክፍል ውስጥ እስከ ጠዋት አብረው የተቆለፉ ወጣቶች፣ ውጭ ፍርሃት፣ ውስጥ ሙዚቃ። ሊለያዩ የመጡ ጥንዶች ሰዓቱ አምልጧቸው እስኪነጋ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀሩስ? እሷን ለማግባት ሽማግሌ የላከው ሰውዬ ደግሞ ጥግ ላይ ቢገኝስ? ዘፋኙ አንዱን ዘፈን ሲጨርስ ሰዓቱን አይቶ «ገና ነው፣ ተቀመጡ» ቢልስ? አንድ ክፍል፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ባንድ። ለፕሮዲውሰር ከዚህ የረከሰ ነገር አላውቅም።

ይህ ሐሳብ ሌላ አገር ተሞክሮ የሠራ ነው፣ ከሰማይ አላወረድኩትም። ካሜሮን ክሮው የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን «ሲንግልስ» የሚባል ፊልም ሲሠራ ሲያትል ከተማ ሄደ፣ የሰፈሩ ባንዶች ገና ዓለም ሳያውቃቸው ማለት ነው። አንድ አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ ወጣቶች፣ ሥራቸው፣ ፍቅራቸው፣ ብስጭታቸው። ዋናዎቹ ጥንዶች ሙዚቀኞች አይደሉም፣ ልብ በሉ። ሙዚቃው ከተማው ውስጥ ስላለ ነው ፊልሙ ውስጥ ያለው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ብቻ ባንድ አለው፣ ያውም ደከም ያለ ባንድ፣ እሱ ግን እንደ ንጉሥ ነው የሚራመደው። ባንዱ ውስጥ አብረውት የሚታዩት ልጆች የእውነት ሙዚቀኞች ናቸው፣ ፐርል ጃም የሚባለው የሲያትል ባንድ አባላት። ሳውንድጋርደንና አሊስ ኢን ቼይንስ የሚባሉት ባንዶችም ፊልሙ ላይ በአካል ይጫወታሉ። ፊልሙ እስኪወጣ ድረስ እነዚህ ልጆች ዓለምን አጥለቀለቁት፣ የማጀቢያው አልበምም ከፊልሙ ቀድሞ ነው ገበያ የወጣው። ፊልሙ ራሱ እንከን የለሽ ነው አልልም፣ መሃሉ ላይ ይላላል። ግን ዛሬ ያንን ጊዜ ያንን ከተማ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚከፍተው እሱን ነው።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» የሚለኝን ሰው ደግሞ ወደ ደብሊን እወስደዋለሁ። «ዋንስ» የሚባለው የአየርላንድ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. 2007። በ17 ቀን የተቀረጸ፣ በሆሊውድ ሚዛን ሳንቲም የማይባል በጀት። ልጁ ቀን አባቱ ሱቅ ቫኪዩም ክሊነር ይጠግናል፣ መንገድ ላይ ጊታር ይጫወታል። ልጅቷ ከቼክ የመጣች ስደተኛ ናት፣ አበባ ትሸጣለች፣ ፒያኖ ስለሌላት ሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ገብታ ነው የምትጫወተው። ሁለቱም ተዋናዮች ሙዚቀኞች ናቸው፣ ዘፈኖቹን ራሳቸው ጻፉት። አንዱ ዘፈን ኦስካር አሸነፈ። የዚህ ፊልም ቀልዱ ለስላሳ ነው፣ መጨረሻውም እንደለመድነው አይደለም፣ ግን ሁለት ሰዎች አብረው ዘፈን ሲሠሩ ፍቅር እንዴት እንደሚገባ ያየሁበትን ያህል ሌላ ቦታ አላየሁም። መኪና የለ፣ ቪላ የለ፣ ሐይቅ ዳር የለ።

የሚያበሳጨኝን ልንገራችሁ? የእኛን ሙዚቃ የፍቅር ኮሜዲ ውስጥ በወጉ ያስገባው ሰው ጂም ጃርሙሽ ነው፣ አሜሪካዊ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ አንድ ያረጀ ሴት አውል የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ መኪና እየነዳ ሲዞር የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃውንም የሚሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው። ሙዚቃው እዚያ ልጣፍ አይደለም፣ ሰውየውን ከቤቱ የሚያስወጣው እሱ ነው፣ የሚያስቀውም እሱ ነው። ሙላቱ ለሮማንቲክ ኮሜዲ የሚመች መሆኑን ከእኛ በፊት ፈረንጅ አየው። እኛ ጋ ሙላቱ የሚከፈተው የዜና መግቢያና የቡና ማስታወቂያ ላይ ነው።

የዋሽንግተኑም ወሬ እንዲሁ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ታሪክ ነው። ዋልያስ ባንድ የአዲስ አበባውን ሂልተን ሆቴል ዓመታት ያስጨፈረ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለኮንሰርት ሄዱ፣ ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፣ ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ ተሳፋሪ እስኪመጣ እየተለማመደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ታተመለትና ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። የእሱን ሕይወት ፊልም አድርጉ አላልኩም፣ ያ የእሱ ነው። ግን እዚያ ያለውን የሐበሻ ወጣት አስቡ፣ ቀን ኡበር የሚነዳ፣ ቅዳሜ ማታ ሐበሻ ሬስቶራንት ጥግ ላይ የሌላ ሰው ዘፈን የሚዘፍን፣ እዚያ የተወለደችና አማርኛዋ የተሰባበረ ልጅ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ግጥሙን ለጓደኞቿ ስታስረዳ፣ ስታስረዳ ደግሞ ስትሳሳት። እሱ ከመድረክ ይሰማታል። መዝፈኑን ማቆም አይችልም፣ ማረም ደግሞ ይፈልጋል። ከአሜሪካ የመጣች ልጅ ፊልማችን ውስጥ ካልገባች የማይሆን ከሆነ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳን እኛ እሷ ጋ እንሂድ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በፊልሞቻችን ውስጥ ሴት ዘፋኝ ስትመጣ ሁልጊዜ ያለቀላት ሴት ናት። ወይ ከክለብ የሚያድናት ወንድ ይመጣል፣ ወይ ትሞታለች፣ ወይ ንስሐ ትገባለች። አብሬያቸው የሠራሁ ሴት ድምጻውያን አሉ። በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ክለብ የሚዞሩ፣ በመሃል መኪና ውስጥ ጫማ የሚቀይሩ፣ ሽልማት ግንባራቸው ላይ ሊለጥፍ የመጣ ሰካራም እጁ እንዳይወርድ በፈገግታ የሚመልሱ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ሽሮ ላይ ቁጭ ብለው የዚያን ሰውዬ ጭፈራ እያስመሰሉ ሆዳችንን የሚያስይዙን። እንደ እነሱ የሚያስቅ ሰው አላውቅም። አንዷ ሰው ልትወድ ነው፣ ሰውየው ቀን የሚሠራ ነው፣ እሷ የምትነሳው እሱ ምሳ ሲበላ፣ እሱ የሚተኛው እሷ ማይክ ስትጨብጥ። መቼ ይገናኙ? ይህ እኮ ቀልድም ነው ችግርም ነው። አዳኝ አያስፈልጋትም። ሰዓት ነው የሚያስፈልጋት።

ፕሮዲውሰሮች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፣ አንድ ሁለቱን አናግሬያለሁ። የመጀመሪያው መልስ የመብት ጉዳይ ነው። እውነት ነው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ወዲህ የሰው ዘፈን ዝም ብሎ መውሰድ አይቻልም፣ መቻልም የለበትም። ታዲያ የጥላሁንን ዘፈን ማን አምጣ አለህ? ስንት ያልታወቀ ልጅ ነው ግጥምና ዜማ ስልኩ ውስጥ ይዞ የሚዞረው። አምስት አዲስ ዘፈን አሠሩ፣ ተዋናዮቹ ይዝፈኑት፣ ፊልሙም ይወጣል አልበሙም ይወጣል። አሁንም እኮ ማጀቢያውን ዩቲዩብ ላይ አስቀድማችሁ የምትለቁት ለማስታወቂያ ነው፤ ያው ገንዘብ ነው፣ ያው ስቱዲዮ ነው። ሁለተኛው መልስ የድምፅ ጥራት ነው። በዚህ ላይ አልከራከርም፣ ባንድ በቀጥታ መቅዳት ከባድ ነው፣ ንግግሩን እንኳን አጥርተን መቅዳት ያልቻልንበት ፊልም አለ። ግን እባካችሁ ፕሌይባክ ላይ፣ ማለትም ቀድሞ በተቀዳ ድምፅ፣ አፍ ከማንቀሳቀስ ትንሽ የሻከረ የእውነት ድምፅ ይሻላል። ገመድ ያልተሰካበት ጊታር የሚመታ ተዋናይ ሳይ እኔ በበኩሌ ከፊልሙ እወጣለሁ። ኪቦርድ የሚጫወተው ደግሞ እጁ ወደ ግራ ሲሄድ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል! ሦስተኛው መልስ «ሕዝቡ አይፈልገውም» ነው። ለዚህ መልስ የለኝም፣ ያልተሰጠውን ነገር ሕዝቡ እንዴት አድርጎ እምቢ እንዳለ ስላልገባኝ።

ሌላም የሚያጣድፍ ነገር አለ። ቦታዎቹ እየሄዱ ነው። ጃዛምባ የሚባለው የጃዝ ክለብ የነበረበት የጣይቱ ሆቴል ክፍል በጥር 2007 በእሳት ጋየ። የድሮው የምሽት ሰፈር ውቤ በረሃ ከዘፈንና ከሽማግሌ ወሬ በቀር የለም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ፈረሱ፤ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶችና ፈንዲቃ የሚባለው የታወቀ አዝማሪ ቤት የነበረበት ግቢ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ልማቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ደብዳቤ ልተወው፣ እናንተም በየሳምንቱ ታወጡታላችሁ። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው። በዚያ ሰፈር ያ ሁሉ ዓመት ሲዘፈን የትኛው የፍቅር ፊልማችን ነው ገብቶ የቀረጸው? ካሜራው እኮ ያኔም ነበር። ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስ ሆቴል ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ቡና ሲያቀዘቅዝ ነበር። ሙዚቀኞቹ ግን አልፈረሱም። ሌላ ቤት ተከራይተዋል፣ ከተማው ዳር ወጥተዋል፣ ሆቴል ምድር ቤት ገብተዋል፣ ያለ ቋሚ ቤት የሚዞሩም አሉ። ይህም ራሱ ታሪክ ነው፤ ቤት ያጣ ባንድና ቤት የሚያከራይ ደላላ፣ ደላላዋ ደግሞ ሴት፣ ሙዚቃ የማትወድ፣ ወይም የማትወድ የምትመስል።

ይህን ካተማችሁልኝና የሚያነብ ዳይሬክተር ካለ፣ ስክሪፕቱን ካየሁ በኋላ ኪቦርዱን በነጻ እጫወትለታለሁ፣ ድራመራችንም ምሳ ከተቻለ ይመጣል። ቀረጻው ሁዳዴ ላይ ቢሆን ለሁላችንም ይመቻል፣ ባንዱ በሙሉ ሥራ ፈት ነው። ጥርና ሚያዝያ ላይ ግን አትደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርግ ኪቦርዲስት አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ